ማሽኑ አምስት ኮከብ፣ በዙሪያው ያለው ሁለት፦ የአሜሪካ ሬዚደንሲ ማች ከተጠቃሚ ዓይን

አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ተምሬ አሁን የጄኔራል ሰርጀሪ (የአጠቃላይ ቀዶ ሕክምና) ሬዚደንት፣ ማለትም በሥልጠና ላይ ያለሁ ሐኪም ነኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ዘንድሮ ለኦርቶፔዲክስ (ለአጥንት ቀዶ ሕክምና) ሊያመለክት ነው። ተማሪን ከሥልጠና ሆስፒታል ጋር ስለሚያጣምረው፣ ማች ስለሚባለው ሥርዓት በስልክ ሲያደርቀኝ ከረመ። «ማቹ ይታመናል? በሰው በሰው ነው የሚሉት እውነት ነው? የምከፍለው ገንዘብ የት ነው የሚገባው?» ለእሱ ብቻ ከምደጋግመው ለሁሉም ልጻፈው አልኩ። ገንዘብ ከፍዬ የተጠቀምኩበት አገልግሎት ስለሆነ እንደ ማንኛውም አገልግሎት ነው የምገመግመው።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ተማሪና ሆስፒታልን የሚያጣምረው ስሌት አምስት ኮከብ ይገባዋል። ከስሌቱ በፊትና በኋላ ያለው ጣጣ፣ በተለይ ለቀዶ ሕክምና፣ ከሁለት በላይ አልሰጠውም። ብዙ አመልካች ሁለቱን ይደባልቃል። ስሌቱን ይፈራና የምርጫ ዝርዝሩን ያበላሻል። መፈራት ያለበትን ነገር ደግሞ ልብ ሳይለው ያልፋል።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። እዚህ አገር ከሕክምና ትምህርት ቤት መመረቅ ብቻውን አያሠራም። ከምርቃት በኋላ ሬዚደንሲ የሚባል የዓመታት ሥልጠና አለ። ቀዶ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ሰው እዚያ መግባት ግዴታው ነው። መግቢያው በግል ድርድር አይደለም። ተማሪው በሴፕቴምበር ያመለክታል፣ በብርዱ ወራት ኢንተርቪው ያደርጋል፣ ከዚያ የሚፈልጋቸውን ፕሮግራሞች በቅደም ተከተል ይጽፋል። ፕሮግራሞቹም ያነጋገሯቸውን ተማሪዎች በቅደም ተከተል ይጽፋሉ። ሁለቱ ዝርዝሮች ኮምፒውተር ውስጥ ይገባሉ። በማርች ሦስተኛ ሳምንት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፕሮግራም ይወጣለታል። ወይ አይወጣለትም። ከወጣለት ውል ነው፤ «እስቲ ላስብበት» ማለት የለም።

ይህን የሚያካሂደው ኤንአርኤምፒ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። በ2025 ማች 52,498 ሰው ተመዝግቦ ነበር። የቀረበው ቦታ 43,237 ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) መመዝገቢያው ያኔ 70 ዶላር ነበር። ሕክምና ተምሮ ከሚከማች ዕዳ አንጻር ይህ ምንም አይደለም። ማመልከቻ መላክ ግን ሌላ ሱቅ ነው፣ ኪስ የሚያራቁተውም እሱ ነው። እመለስበታለሁ።

ማች አድርጌ የገባሁ ሰሞን እናቴ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እና ሽማግሌ የላከው ማነው? አንቺ ነሽ ወይስ ሆስፒታሉ?» ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቆይቼ ሳስበው ግን ስለ ማች ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። የሒሳብ ሰዎቹ ዓመታት የተከራከሩበት ይኸው ነው።

መልሱ «እኔ ነኝ» ነው። ኮምፒውተሩ በእኔ ዝርዝር አንደኛ ወደተጻፈው ፕሮግራም ይወስደኛል። ፕሮግራሙ ስሜን ከጻፈና ክፍት ቦታ ካለው ይይዘኛል። ግን ለጊዜው ነው። ቆይቶ ሌላ ተማሪ ይመጣል። ቦታው ሞልቶ ከሆነና ፕሮግራሙ እሱን ከእኔ በላይ ከጻፈው እኔ እወጣለሁ። ያኔ ወደ ሁለተኛ ምርጫዬ እሄዳለሁ። እዚያም ቦታ ከያዙት ውስጥ ከእኔ በታች የተጻፈ ሰው ካለ እሱ ይወጣና እኔ እገባለሁ። ቀድሞ መድረስ ምንም አይጠቅም፣ ዘግይቶ መድረስም አይጎዳም። የሚነቃነቅ ሰው እስኪጠፋ ድረስ ይቀጥላል። ቦታው የሚጸናው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን የገባው ሰው ግማሽ ጭንቀቱ ይቀልለታል። የማይደረስ የሚመስለውን ፕሮግራም አንደኛ መጻፍ ምንም አያስከፍልም። ካልተሳካ በሁለተኛው ፕሮግራም ላይ «አንደኛዬ» ብለው ከጻፉት ጋር እኩል ነው የምትወዳደሩት። ፕሮግራሙ ስንተኛ አድርጋችሁ እንደጻፋችሁት አያይም። ስለዚህ «እነዚህ ሳይወስዱኝ አይቀሩም፣ ከላይ ላድርጋቸው» ማለት ትርፍ የሌለው ብልጠት ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ሊያምነኝ አልቻለም። «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው» ይላል። ሁሉም ሰው ተሳስቷል፣ ወንድሜ። ከልብ የሚፈለገውን በቅደም ተከተሉ መጻፍ ነው የሚያዋጣው። ይህ የእኔ አስተያየት ሳይሆን በሒሳብ የተረጋገጠ ነገር ነው።

ስሌቱን የማደንቀው ከእሱ በፊት የነበረውን ስላነበብኩ ነው። በ1940ዎቹ ሆስፒታሎች ተማሪ ለመንጠቅ ይሽቀዳደሙ ነበር። ተማሪው ሊመረቅ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ቦታ ይቀርብለታል። ያኔ እንኳን ቀዶ ሕክምና ሊያይ፣ ገና ታማሚ በቅጡ አላየም። በ1945 ትምህርት ቤቶቹ ከተወሰነ ቀን በፊት ስለ ተማሪ መረጃ ላለመስጠት ተስማሙ። ሽሚያው ግን አልቆመም፤ ወደ መልስ መስጫው ሰዓት ዞረ። መጀመሪያ ለማሰብ 10 ቀን ይሰጥ ነበር። በ1949 12 ሰዓት እንኳ በዛ ተባለ። ተማሪው ስልኩን እንደያዘ አዎ ወይም አይ እንዲል ይጠበቅ ነበር። ሁለተኛ ምርጫውን በችኮላ ይቀበልና በማግስቱ አንደኛው ይደውልለታል።

በ1951 የጋራ ማች ሲታሰብ መጀመሪያ የቀረበው ቀመር አንደኛ ምርጫውን በድፍረት የጻፈን ተማሪ የሚጎዳ ነበር። ተማሪዎች ተቃወሙ። ከተቃውሞው መሪዎች አንዱ ሃርዲ ሄንድረን የሚባል የሃርቫርድ ተማሪ ነበር። በኋላ ቦስተን ውስጥ ስመ ጥር የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ሆኗል። ቀመሩ ተቀየረ፣ በ1952 የመጀመሪያው ማች ተካሄደ። የሙያ አጋሬ ገና ተማሪ ሳለ ያስተካከለው ዕቃ ነውና ትንሽ ልኩራራበት።

በ1962 ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የሚባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት ስለ ጋብቻና ስለ ኮሌጅ ቅበላ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ጥያቄያቸው «ማንም ጥሎ መሄድ የማይፈልግበት ማጣመር ይቻላል ወይ?» የሚል ነበር። ይቻላል አሉ። ሐኪሞቹ ለአሥር ዓመት ያንኑ ሲሠሩ እንደቆዩ አያውቁም ነበር። አልቪን ሮዝ የሚባል የኢኮኖሚክስ ሊቅ በ1984 የሐኪሞቹ ቀመርና የሒሳብ ሊቃውንቱ መልስ አንድ መሆናቸውን አሳየ። የሐኪሞቹ ቀመር አንድ ጉድለት ግን ነበረው፦ ሽማግሌ ላኪው ሆስፒታሉ ነበር። በእንዲህ ያለ ስሌት ላኪው ወገን ነው የተሻለውን የሚያገኘው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህ ሲያነጋግር ሮዝና ኤሊዮት ፔራንሰን አዲስ ስሌት ነደፉ። ከ1998 ማች ጀምሮ ላኪው ተማሪው ሆነ። ሲያሰሉት ልዩነቱ የሚነካው ከ1,000 አመልካች አንዱን ያህል እንኳ አልነበረም። ቢሆንም ደስ ይላል። ሮዝና ሻፕሊ በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ጌል በ2008 አርፎ ስለነበር አልደረሰበትም።

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ «በይ እንግዲህ፣ ሴት ልጅ ሽማግሌ ስትልክ አየን» አለች።

ባልና ሚስት ወይም ፍቅረኛሞች ሆነው አብረው ለሚያመለክቱም ቦታ አለ። ዝርዝራቸውን በጥንድ ይጽፋሉ፤ «እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ» እያሉ መስመር በመስመር። አብረውኝ ከተማሩት አንድ ጥንድ በዚህ መንገድ አንድ ከተማ ገብተዋል። እሱ የአንገት፣ ጆሮና አፍንጫ ሕክምና፣ እሷ የሕፃናት ሕክምና። ዝርዝራቸው እንደ ስልክ ማውጫ የረዘመ ነበር። ለስሌቱ ከባዱ ሥራ ይሄ ነው፤ ጥንዶች ሲኖሩ ሁሉን የሚያረጋጋ መልስ ላይኖር እንደሚችል በሒሳብ ይታወቃል። በተግባር ግን በየዓመቱ ይወጣለታል።

ቀዶ ሕክምና ሁሉ በአንድ በር አይገባም፣ ይህን ቶሎ ማወቅ ያስፈልጋል። ጄኔራል ሰርጀሪ 5 ዓመት፣ ኦርቶፔዲክስ 5፣ አንገት ጆሮና አፍንጫ 5፣ ኒውሮሰርጀሪ (የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና) 7፣ ፕላስቲክ ሰርጀሪ በቀጥታ ለሚገባ 6 ነው። የደም ሥርና የልብ ቀዶ ሕክምናም ከትምህርት ቤት በቀጥታ የሚገባባቸው ፕሮግራሞች አሏቸው። እነዚህ ሁሉ በኤንአርኤምፒ ነው። የዓይን ሕክምና ግን ሳን ፍራንሲስኮ ማች በሚባል ሌላ ድርጅት ይሄዳል። ዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧ ሕክምና) በራሱ ማኅበር በኩል ነው። የሁለቱም ውጤት ከዋናው ማች ቀድሞ ይታወቃል። ለወታደር ሐኪሞች ደግሞ ዲሴምበር ላይ የሚያልቅ የራሳቸው ምርጫ አለ። የዓይንና የዩሮሎጂ ሰዎች ቀድመው ስለሚያውቁ ሌላው ጥፍሩን ሲበላ እነሱ ቤት ኪራይ ይፈልጋሉ። መቅናት አይከለከልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሱቅ እንምጣ። ማመልከቻ የሚላከው በአብዛኛው ኢራስ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ባለቤቱ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ነው። በ2025 ወቅት ዋጋው እንዲህ ነበር፦ በአንድ ስፔሻሊቲ (የሕክምና ዘርፍ) እስከ 30 ፕሮግራም ለእያንዳንዱ 11 ዶላር፣ ከ31ኛው ጀምሮ ለእያንዳንዱ 30 ዶላር። 80 ፕሮግራም የሚሞክር ልጅ 1,830 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ለኦርቶፔዲክስ 80 ብርቅ ቁጥር አይደለም። ሰው ለምን 80 ቦታ ያመለክታል? ሌላው 80 ስለሚያመለክት። የተለየ ምክንያት የለውም።

ይህ ነገር ፕሮግራሞቹንም አያስደስትም። አራት ወይም አምስት ሬዚደንት ለሚወስድ ክፍል ብዙ መቶ ማመልከቻ ይደርሰዋል። አንብቦ መጨረስ አይቻልም። ድሮ ስቴፕ 1 የሚባለው የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ነጥብ ነበር ወንፊቱ። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ስቴፕ 1 አልፏል ወይም ወድቋል ብቻ ሆነ። ተማሪ እንዳይጨነቅ ታስቦ ነው። ጭንቀቱ ግን አድራሻ ነው የቀየረው፤ ወደ ቀጣዩ ፈተና ወደ ስቴፕ 2 ነጥብ፣ ወደ ታተመ ጥናት ብዛት፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ስምና ወደ ድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊው ማንነት ዞረ። ስም ካለው ትምህርት ቤት ላልመጣ ልጅ ፈተናው ቢያንስ ራሱን ማሳያ ነበር። እኔ በበኩሌ ለውጡ ለእንዲህ ያለው ልጅ የጠቀመ አይመስለኝም።

ከመጡት ማስተካከያዎች የምወደው ሲግናል የሚባለውን ነው። አመልካቹ ከማመልከቻው ጋር «እናንተን ከልቤ ነው የምፈልገው» የሚል የተቆጠረ ምልክት ይልካል። በዚህ የቀደሙት የአንገትና ጆሮ ሰዎች ናቸው፣ በ2020 እና 2021 ወቅት። ኦርቶፔዲክስ ተከተለና ለአንድ ሰው 30 ምልክት ፈቀደ። ምልክት ያልተላከለት ፕሮግራም ኢንተርቪው የመጥራት ዕድሉ ጠባብ ነው። የአክስቴን ልጅ የመከርኩት ስለዚህ ነው። 30 ምልክት አለህ፣ ዋጋው የሚጨምረውም ከ31ኛው ነው። 30ውን በደንብ ምረጥ። ከዚያ በላይ ያለውን 30 ዶላር በ30 ዶላር እየከፈልክ ራስህን አታጽናና። አዌይ ሮቴሽን ላደረግክባቸው ፕሮግራሞችም ምልክቱን መላክ አትርሳ፤ ያውቁኛል ብለህ አትለፈው።

አዌይ ሮቴሽን ስል ይህ የቀዶ ሕክምናው ልዩ ጣጣ ነው። ተማሪው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆስፒታል ሄዶ ብዙውን ጊዜ አራት ሳምንት ይሠራል። በወረቀት ላይ ትምህርት ነው። እውነቱ ግን ረጅም ኢንተርቪው ነው። ቤት ኪራዩ፣ ትኬቱ፣ መኪናው ሁሉ ከራስ ነው። ለኦርቶፔዲክስና ለኒውሮሰርጀሪ አንድ አይበቃም፣ ሁለት ሦስት ይደረጋል።

እኔ የአንዲት ነርስ ምድር ቤት ተከራይቼ ነበር የሠራሁት። ጣራው ዝቅ ያለ ስለነበር ቀና ብዬ ፀጉሬን ማበጠር አልችልም። ከሬዚደንቶቹ ቀድሜ ሆስፒታል እገባለሁ። የታማሚዎቹን የሌሊት ሙቀት፣ ከቱቦ የወጣውን ፈሳሽ፣ የሽንት መጠን ጽፌ እጠብቃለሁ። የጋውኔ ኪስ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስና የስፌት ማውጫ ይዞ ሱቅ በደረቴ ሆኖ ነበር። ከሰዓት የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ቆሞ ጉበት መያዝ ነው። ዋናው ሐኪም ቀና ሳይል «ይህ የደም ሥር ማን ይባላል?» ይላል። ሁልጊዜ ማወቅ አይቻልም። ግን አንድ ነገር ገባኝ። እዚያ የሚመዘነው መልሱ ሳይሆን ትናንት ያላወቅሽውን ዛሬ አንብበሽ መምጣትሽ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ድንገተኛ ታማሚ ሲመጣ ፊትሽ የሚመስለው ነገር ነው። ከሬዚደንቶቹ ጋር አምስት ዓመት አብረሽ መኖር ትችያለሽ ወይ ነው።

ስለዚህ አዌይ ሮቴሽን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። እኔም እነሱን መዝኛቸዋለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ የአራተኛ ዓመት ሬዚደንቶች እርስ በርስ አይነጋገሩም ነበር። ሌላ ቦታ ደግሞ ዋና ሬዚደንቷ ኢንተርኑን «ሂድ ብላ፣ እኔ እይዘዋለሁ» ስትለው ሰማሁ። የምርጫ ዝርዝሬን ሳዘጋጅ ከማንኛውም የድረ ገጽ ፎቶ ይልቅ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ሚዛን ደፋች። ጥያቄዬ ገንዘቡ ላይ ነው። ወላጁ መክፈል የሚችል ልጅ ሦስት ቦታ ይታያል። የማይችለው አንድ ቦታ ይታያል፣ ወይም ሌላ ብድር ይበደራል። ማሽኑ ይህን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ዝርዝሩን ብቻ ነው።

ኢንተርቪው ከ2020 ወዲህ በአብዛኛው በቪዲዮ ሆኗል። በዚህ የትኬት ወጪ ቀርቷል። በስክሪን ያየሁትን ሆስፒታል ግን ቤቴ ላደርገው ይከብደኛል። ደንቡ ግልጽ ነው። ፕሮግራም «ስንተኛ ትጽፊናለሽ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። ስለ ትዳርና ስለ ልጅ መጠየቅም የተከለከለ ነው። በአንድ ፕሮግራም አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር ፈገግ ብለው «ቀለበት አላየሁም፣ በሥልጠናው መሃል ልጅ ይኖር ይሆን?» አሉኝ። «ስለ ሥልጠናው መሃል ካነሱት፣ የጥናት ዓመት አላችሁ ወይ?» ብዬ አዞርኩት። የፕሮግራሙን ስም እዚህ አልጽፍም። ከኢንተርቪው በኋላ የሚላኩ ጣፋጭ ኢሜይሎችም አሉ። «በጣም ወደንሻል» ይላሉ። ማንንም አያስገድዱም። አንብቦ፣ አመስግኖ፣ ዝርዝሩን ሳይነኩ መተው ነው።

አሁን ሁለቱን ኮከብ እንኳ እያመነታሁ የምሰጥበት ምክንያት ላይ ደረስኩ። ቀዶ ሕክምና ውስጥ ሁለት ዓይነት ቦታ አለ። ካቴጎሪካል የሚባለው ገብቶ አምስቱን ዓመት መጨረስ የሚቻልበት ነው። ፕሪሊሚናሪ የሚባለው ደግሞ የአንድ ዓመት ነው። ከዓመቱ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ ከወዲሁ የተመደበላቸው አሉ፤ ለእነሱ ችግር የለም። ምንም ያልተመደበላቸው ግን ብዙ ናቸው። ሥራው አንድ ነው። ሌሊቱ አንድ ነው። በሳምንት 80 ሰዓት የሚለው ከ2003 ጀምሮ ያለው ገደብም አንድ ነው። ጁን 30 ላይ ግን የአንዱ መንገድ ይቀጥላል፣ የሌላው ያልቃል።

ይህ ነገር አያት አለው። ዊልያም ሃልስቴድ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ የአሜሪካን የቀዶ ሕክምና ሥልጠና ሲመሠርት ቅርጹ ፒራሚድ ነበር። ሆስፒታሉ የተከፈተው በ1889 ነው። ከታች ብዙ ይገባሉ፣ በየዓመቱ ይራገፋሉ፣ ጫፍ ላይ አንድ ይደርሳል። በኋላ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ውስጥ ኤድዋርድ ቸርችል «የገባ ሁሉ ይጨርስ» የሚል ቅርጽ አመጣ። ዛሬ በወረቀት ላይ ያሸነፈው ቸርችል ነው። ፕሪሊሚናሪ ቦታን ሳይ ግን የፒራሚዱ ታች አሁንም እንዳለ ይሰማኛል።

አብሮኝ የሠራ አንድ ሐኪም ነበር። በአገሩ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ሠርቷል። እጁ ከእኔ እጅ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል። ስቴፖቹን አልፎ፣ ውጭ አገር ለተማሩ ሐኪሞች የሚሰጠውን ማረጋገጫ አግኝቶ፣ ፕሪሊሚናሪ ገባ። ጁላይ 1 ሥራ ይጀምራል። ለቀጣዩ ማች ደግሞ ሴፕቴምበር ላይ ማመልከት አለበት። መሃል ላይ ያለው ሦስት ወር አይሞላም። በዚያ ውስጥ ነው አዲስ አለቆቹ አውቀውት፣ አምነውት፣ ደብዳቤ የሚጽፉለት። የኢንተርቪው ቀን ሲደርሰው ፈረቃ የሚለውጠው ሰው ይለምናል። ቪዛውም ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። ሌሊት ተረኛ ሆነን ስለ ታማሚ እያወራን መሃል ላይ ዝም ይላል። ያኔ ቀን እየቆጠረ እንደሆነ አውቃለሁ።

እንዲህ ላለው ሰው አንድ ሌላ በር አለ። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ጄኔራል ሰርጀሪ ከጀመሩት ከአምስቱ አንድ ገደማ ያቋርጣል። ስለዚህ በመሃል የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ቦታ ይከፈታል። ይህ ከማቹ ውጭ የሚሞላ ነው፤ በማስታወቂያ፣ በስልክ፣ በአለቃ ለአለቃ ትውውቅ። እሱም በመጨረሻ የገባው በዚህ ነው። ደስ ብሎኛል። ግን አስቡት፤ ስልክ ለስልክ የሚደረገውን ሽሚያ ለማጥፋት የተሠራ ሥርዓት ከጎኑ ያንኑ የድሮ ሽሚያ ትቶታል። በ2025 ማች በአሜሪካ የኤምዲ (የሕክምና ዶክተር ዲግሪ) ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከነበሩት ከመቶ 93.5 ገብተዋል። ውጭ ከተማሩ የውጭ ዜጎች የገቡት ከመቶ 58 ናቸው። ይህ የሁሉም ስፔሻሊቲ ድምር ነው። በቀዶ ሕክምና ካቴጎሪካል ቦታ ላይ መንገዱ ከዚህም ይጠብባል።

የማች ሳምንት ሰኞ ይጀምራል። ጠዋት ኢሜይል ይመጣል። የሚለው ገብተሻል ወይም አልገባሽም ብቻ ነው። የት እንደሆነ የሚታወቀው ዓርብ ነው። ላልገቡት ሶፕ የሚባል ሁለተኛ ዙር አለ። ያልተሞሉ ቦታዎች ዝርዝር ይሰጣቸዋል፣ እስከ 45 ፕሮግራም ማመልከት ይችላሉ። ሐሙስ ዕለት በአራት ዙር ቦታ ይቀርባል። ለመልስ ያለው ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው። አመልካቹ ቀድሞ ፕሮግራሙ ጋ መደወል አይችልም። ከ2012 በፊት ስክራምብል ይባል የነበረው የፋክስና የስልክ ግርግር ነበር፤ ከዚያ ሲታይ ሶፕ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። ለኦርቶፔዲክስ ወይም ለኒውሮሰርጀሪ ያመለከተ ልጅ ግን እዚያ የሚፈልገውን አያገኝም ማለት ይቻላል። የሚያገኘው በየዓመቱ በመቶዎች የሚተርፈውን ያንኑ ፕሪሊሚናሪ ሰርጀሪ ነው። ስድስት ወር ስለ አጥንት ሲያወራ የከረመ ልጅ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሌላ ሕይወት እንዲመርጥ ይጠየቃል። ሐሙስን እኔ ብሆን ወደ ሳምንት አሰፋው ነበር።

ደመወዝስ? አይደራደሩም። የት እንደሚገቡ ሳያውቁ ተስማምተው ነው የሚፈርሙት። በ2002 ሐኪሞች ይህ ውድድርን ያፍናል ብለው ከስሰው ነበር። በ2004 ኮንግረስ ማቹን ከእንዲህ ያለ ክስ የሚከላከል አንቀጽ አወጣ። አንቀጹ የገባው ስለ ጡረታ ገንዘብ በወጣ ሕግ ውስጥ ነው። ለቀረው ራሳችሁ ፍረዱ።

ለማን ይሆናል ለሚለኝ፦ አማራጭ ስለሌለ ለሁሉም። ከ2013 ማች ጀምሮ ማቹ ውስጥ የገባ ፕሮግራም የመግቢያ ቦታዎቹን በሙሉ በማቹ ብቻ እንዲሞላ ይገደዳል። ስለዚህ ጥያቄው እንግባ አንግባ ሳይሆን ገንዘቡና ጉልበቱ የት ይዋል ነው። እኔ ብሆን ከ30 በላይ ማመልከቻ ላይ የማወጣውን ለአንድ ተጨማሪ አዌይ ሮቴሽን አውለዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ትናንት ደግሞ ደወለ። «መሄድ የማልፈልገው ፕሮግራም ኢንተርቪው ጠርቶኛል። ዝርዝሬ እንዲረዝም ብጽፈውስ?» አለኝ። ከምንም ይሻለኛል የምትል ከሆነ ከታች ጻፈው አልኩት። ከእሱስ አንድ ዓመት ጠብቄ እንደገና ባመለክት ይሻለኛል የምትል ከሆነ አትጻፈው። የጻፍከው ሁሉ ሊወጣልህ ይችላል፣ ከወጣልህ ደግሞ ትሄዳለህ። ዝርዝሩን ከጨረስክ በኋላ ማረጋገጫውን ቁልፍ ተጫን። ጽፈህ ያላረጋገጥከው ዝርዝር አይቆጠርም። የመዝጊያው ሰዓት በምሥራቅ አሜሪካ አቆጣጠር ነው፣ አንተ ደግሞ ካሊፎርኒያ ነህ።